ማስታገስና ማዳን አንድ አይደሉም

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ፣ አፍሮ ወይም ፈርቶ ሕመሙን የሚሸሽገውን ሰው ለመምከር ነው። ምክሩ ዛሬም እውነት ነው። ነገር ግን በዘመናችን ሌላ ነገር ተጨምሮበታል፤ ይኸውም በሽተኛው ሕመሙን ገልጦ እየተናገረ ሳለ፣ ራሱ መድኃኒቱ በሽታውን የሚደብቅበት ጊዜ መኖሩ ነው። ይህ መድኃኒት ኮርቲኮስቴሮይድ፣ ባጭሩ ስቴሮይድ የሚባለው ነው። በክኒን፣ በመርፌ፣ በቅባት፣ በዓይን ጠብታ፣ እንዲሁም ሕዝቡ ፓፍ በሚለው በአፍ በሚሳብ መድኃኒት መልክ ይገኛል። በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴም ሆነ በጨፋ ሮቢት፣ ስሙን ሳያውቅ በቤቱ ያስቀመጠው ሰው ጥቂት አይመስለኝም።

ስለዚሁ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ወሬ ይነገራል። አንደኛው ወገን «ተአምረኛ ነው፤ ባንድ ሌሊት ያድናል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «መርዝ ነው፤ የጀመረው ሰው አይተርፍም» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በእኔ አስተያየት ብዙው ጉዳት የሚመጣው የመድኃኒቱን ስም፣ የታዘዘበትን ምክንያትና የሚቆምበትን ቀን ሳናውቅ ከመውሰዳችን ነው። ይህንንም ጉዳት ከሐኪሙ አስቀድሞ ሊያስቀር የሚችለው ፊደል የቆጠረው ሰው፣ ማለት መምህሩና የከተማው አንባቢ ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች በተራ እንመልከት።

መቆጣት ምንድር ነው?

እግሩን እሾህ የወጋው ሰው በማግስቱ ስፍራውን ቢመለከት ቀልቶ፣ ሞቆና አብጦ ያገኘዋል፤ ሲነካውም ያመዋል። በአገራችን ቋንቋ «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን፤ የሕክምና ሰዎች ደግሞ ብግነት ይሉታል። የሕዝቡ አነጋገር ለነገሩ የቀረበ ነው፤ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት በእርግጥ ይቆጣል። በስፍራው ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ከደሙ ውኃማው ክፍል ወደ ሥጋው ይሰርጋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ተጠራርተው ይደርሱና ተውሳኩን ይዋጋሉ። መቅላቱና መሞቁ ደሙ ስለ በዛ፣ እብጠቱም ውኃው ስለ ሰረገ ነው። ስለዚህ መቆጣት የሰውነት ዘበኛ ነው እንጂ ጠላት አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ዘበኛ ሁልጊዜ ልኩን አያውቅም። የአስም ሕመምተኛ አቧራ ወይም ጢስ በሳበ ጊዜ፣ የሳንባው ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን ተቆጥቶ ያብጥና የአየሩን መንገድ ያጠብበዋል። ሩማቶይድ አርትራይትስ በሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ደግሞ ሰውነት የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይወጋዋል። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ቁጣው ራሱ ስለ ሆነ፣ እርሱን ማብረድ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

ሰውነት ቁጣውን የሚያበርድበት የራሱ ዘዴ አለው። ከሁለቱ ኩላሊቶች በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ተቀምጠዋል። ከእነርሱም ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ይመነጫል። ይህ ሆርሞን ጠዋት ይበዛል፣ ወደ ማታ ያንሳል፤ ሰው በታመመ ወይም በቆሰለ ጊዜ ደግሞ ይጨምራል። የስቴሮይድ መድኃኒቶች የዚሁ ሆርሞን አምሳያዎች ናቸው። ወደ ሕዋሱ ውስጥ ገብተው እስከ አስኳሉ ይደርሳሉ፤ እዚያም ቁጣን የሚቀሰቅሱት መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ ያግዳሉ። ይህ ሥራ ሰዓታትን ይፈልጋል። አስም በድንገት ሲነሣ ወዲያው ቧንቧውን የሚከፍተው ሳልቡታሞል የተባለው ሌላ መድኃኒት የሆነውም፣ የስቴሮይዱ ፓፍ በየቀኑ ሳይቋረጥ መሳብ ያለበትም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልብ ይባል። ስቴሮይድ ባክቴሪያን አይገድልም፤ ፈንገስንም ሆነ ቫይረስን፣ ትልንም ሆነ የእከክን ተውሳክ አይገድልም። ዘበኛውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ሌባውን አይዝም። ሌባ በሌለበት ቤት በከንቱ የሚጮኸውን ዘበኛ ዝም ማሰኘት ዕረፍት ነው፤ ሌባው በጓዳ ተደብቆ ሳለ ግን ዘበኛውን ማስተኛት ቤቱን አሳልፎ መስጠት ነው። የመድኃኒቱ ጥቅምና ጉዳት በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ይህም አዲስ ግኝት አይደለም። በመስከረም 1941 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948) በአሜሪካ አገር በሜዮ ክሊኒክ፣ ዶክተር ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቻቸው በመገጣጠሚያ በሽታ ምክንያት መንቀሳቀስ ለተሳናት ለአንዲት የ29 ዓመት ሴት ኮርቲዞን በመርፌ ሰጧት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ተነሥታ ሄደች። ዶክተር ሄንች፣ ከኬሚስትሪው ሊቅ ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከስዊሱ ሊቅ ከታዴዎስ ራይሽታይን ጋር በ1943 ዓ.ም. (በ1950) የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን መርፌው ሲቋረጥ የሕሙማኑ በሽታ ይመለስ እንደ ነበረ እነዚሁ ሐኪሞች ራሳቸው አስታውቀዋል። እንግዲህ ማስታገስና ማዳን አንድ አለመሆናቸው ከመድኃኒቱ መጀመሪያ አንሥቶ የታወቀ ነው።

በስፍራው ሲገባ የሚሰጠው ጥቅም

ለእኛ የቀረበው ምሳሌ የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት፣ በደሴ አጠገብም የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቁ ናቸው። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ የሚገድሉት ተጣምረው የሚሰጡት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። ሆኖም በአንዳንድ ሕሙማን ላይ፣ ሕክምናው እየተሰጠ ሳለ ወይም ካለቀ በኋላ፣ ሰውነት በነርቮች ውስጥ በቀሩት የባክቴሪያ ቅሪቶች ላይ እጅግ ይቆጣል። ነርቩም አብጦ ከሞተ እጅ ይደነዝዛል፣ እግር ይዝላል፣ የዓይን ቆብም አልዘጋ ይላል። በዚህ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን በፍጥነት ተጀምሮ፣ በሐኪም ቍጥጥር ለወራት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ሲሰጥ እጅንና እግርን ያተርፋል። አንዱ መድኃኒት ሌባውን ይይዛል፤ ሌላው የዘበኛውን ቁጣ ያበርዳል። ትክክለኛው አጠቃቀም ይህን ይመስላል።

ሌላም አለ። ያለ ጊዜዋ ምጥ ለመጣባት እናት፣ ከ24ኛው እስከ 34ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ተገቢው ክብካቤ ባለበት ሆስፒታል ዴክሳሜታዞን ወይም ቤታሜታዞን በመርፌ ሲሰጣት የሕፃኑ ሳንባ ቶሎ ይጠነክራል። ይህንንም የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ይኸው ዴክሳሜታዞን በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜም ስሙ ገንኖ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተደረገው ታላቅ ምርምር፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ሕሙማን መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ኦክሲጅን ብቻ ከሚሰጣቸው መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ መቀነሱን አስታወቀ። የአገራችን ጤና ሚኒስቴርም በዚያው ወር መድኃኒቱ ለጽኑ ሕሙማን በአስቸኳይ እንዲውል መከረ። ነገር ግን ኦክሲጅን ለማያስፈልጋቸው ሕሙማን በዚያ ምርምር ምንም ጥቅም አልተገኘለትም። በታይላንድ የተደረገውና በ1974 ዓ.ም. (በ1982) የታተመው ምርምር ደግሞ፣ ይኸው መድኃኒት አንጎልን ለያዘው ወባ ሲሰጥ የሕሙማኑን ሰመመን ያራዘመ መሆኑን አሳይቷል። ወባ በሚታወቅበት በእኛ ቆላ ይህ ሊረሳ አይገባም። መድኃኒቱ ያው አንድ ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ በሽታ ነፍስ ያድናል፣ በሌላው ይጎዳል። «ለጎረቤቴ ጠቅሞታልና ለእኔም ይጠቅመኛል» የሚለው አሳብ የማያዛልቀው ስለዚህ ነው።

ጉዳቱ ከወዴት ይመጣል?

መጀመሪያ ስለ ዓይን እናገራለሁ፤ በልጆች ላይ የሚደርስ ነውና። ሙቀትና አቧራ በበዛበት አገር ልጆችን፣ ይልቁንም ወንዶቹን፣ ዓይናቸውን በብርቱ የሚያሳክክ የአለርጂ በሽታ ይይዛቸዋል። ልጁ ዓይኑን ሲያሽ ይውላል፤ ብርሃንም ያስቸግረዋል። ወላጅ ከመድኃኒት ቤት ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ይገዛለታል። ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ይተዋል፤ ሲመለስ ጠብታውም ይመለሳል። እንዲህ እየሆነ ወራት ሲያልፉ፣ ያለ አንዳች ሕመም በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ሊጨምርና የማየት ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። ይህ ግላኮማ የሚባለው ነው፤ በእርሱ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። የዓይን ሞራም ሊከተል ይችላል። በማሽላ ቅጠል ወይም በገለባ የተጫረ ዓይን ደግሞ ፈንገስ ሊገባበት ስለሚችል፣ ይህ ጠብታ ቢጨመርበት ቁስሉን ያባብሰዋል። ዓይን የቀላበት ምክንያት ሳይታወቅ ስቴሮይድ ማንጠብጠብ በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

ሁለተኛው ቆዳ ነው። ጭርት የፈንገስ በሽታ ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ሲቀባ ቅላቱ ይጠፋል፣ ማሳከኩ ይቆማል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። የታወቀው ክብ ቅርጹም ስለሚጠፋ፣ በኋላ ለሚያየው ሐኪም እንኳ ለመለየት ያስቸግረዋል። እከክም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሲያክክ ዝም ተሰኝቶ ሳለ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ያዳርሳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ፊትን ለማቅላት ተብሎ የሚደረገው ነው። በውስጣቸው ያለው ምን እንደ ሆነ በግልጥ ያልተጻፈባቸው ቅባቶች ከሳሙናና ከሽቶ ጎን ይሸጣሉ። በመጀመሪያው ወር ፊት ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል። ቅባቱን ልተው ሲሉ ፊቱ ስለሚቃጠልና ስለሚቀላ እንደገና ወደዚያው ይመለሳሉ። አላህ ወይም እግዚአብሔር የሰጠውን መልክ ለማሻሻል ተብሎ ጤናማ ቆዳን ማበላሸት የሥልጣኔ ምልክት አይደለም።

ሦስተኛው በክኒንና በመርፌ የሚወሰደው ነው። ብዙ ቀን ሲወሰድ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ አጥንትን ያሳሳል፤ የልጆችን እድገት ያዘገያል፤ ተኝቶ የነበረውን የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ይችላል። ትኩሳትንም ስለሚያበርድ ከባድ ሕመም ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ፊትም ይሞላል፤ በአገራችን ደግሞ ፊቱ የሞላ ሰው «ወፍሮ አማረበት» ስለሚባል፣ የጉዳቱ ምልክት እንደ ጤና ተቆጥሮ ያልፋል።

ድንገት ማቋረጥም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሰው ክኒኑን ከሦስት ሳምንት በላይ በወሰደ ጊዜ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች «ሥራችንን ሌላ ይዞልናል» ብለው እንደሚተኙ ያህል ነው። ክኒኑ ባንድ ቀን ቢቆም ወዲያው አይነቁም። ሰውየው ይደክማል፣ ያዞረዋል፣ ያስታውከዋል፤ የደም ግፊቱ ወርዶም ራሱን ሊስትና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብሎ፣ ወይም መርዝ መሆኑን ከሰው ሰምቶ በድንጋጤ መጣል ከመድኃኒቱ ይልቅ ይገድላል። በረመዳንም ሆነ በሌላው ጾም ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ሐኪሙ ሰዓቱን ሊያዛውርለት ወይም እንዳይጾም ሊመክረው ይችላል፤ ሃይማኖቶቻችንም ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥተዋል።

ስለሚቀርበው ምክንያት

«ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ግን በደጄ ነው» የሚለው ሰው እውነት አለው። ከደዌ ሐርዋ ወይም ከጅሌ ጥሙጋ ገጠር ተነሥቶ ወደ ከሚሴ የሚመጣ ገበሬ የሥራ ቀኑንና የመጓጓዣውን ዋጋ ይከፍላል። እኔም ይህን አቃልዬ አልመለከተውም፤ አገልግሎቱን ማቅረብ የእኛ የጤና ሠራተኞች ዕዳ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ በሙሉ ይታሰብ። ባንድ ቀን ጕዞ ሊታከም የሚችለው የልጅ ዓይን፣ በዓመቱ ከደሴም አዲስ አበባም ቢሄዱ የማይመለስ ሆኖ ይገኛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፣ በጥድፊያ የተገዛ ፈውስ በጥድፊያ ይፈርሳል።

በአንጻሩም ከልክ ያለፈው ፍርሃት ይጎዳል። የአስም ልጅ ያላት እናት «ስቴሮይድ ነው» ሲሏት ፓፉን ትጥላለች። በፓፍ የሚሳበው ግን በማይክሮግራም የሚለካ፣ ማለት በሚሊግራም አንድ ሺኛ የሚቈጠር ትንሽ መጠን ነው፤ የሚሠራውም በቀጥታ በሳንባው ላይ ነው። ቤክሎሜታዞን በየቀኑ የሚስብ ልጅ ድንገተኛው አስም እየቀነሰለት ስለሚሄድ፣ ብዙ ክኒንና መርፌ ከመውሰድ ይድናል።

ልንጠብቃቸው የሚገቡ ሥርዓቶች

1ኛ፤ ማንኛውንም ቅባት፣ ጠብታ ወይም ክኒን ስትገዙ ስሙን ጠይቁ፤ አንብቡም። ስሙ «ዞን» ወይም «ሎን» በሚል ድምፅ የሚያልቅ፣ እንደ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ሃይድሮኮርቲዞንና ፕሬድኒሶሎን ያለ ቢሆን፣ ስቴሮይድ ሊሆን ይችላልና ባለሙያውን ጠይቁ። ክሎቤታሶል እንዲህ ባያልቅም ከሁሉ የበረታ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ስም የሌለውን አትግዙ።

2ኛ፤ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ለየትኛው በሽታ ነው? ለስንት ቀን ነው? እንዴት ይቆማል?

3ኛ፤ ክኒኑ በቀን አንድ ጊዜ የታዘዘ እንደ ሆነ ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰድ። ከአስፕሪን ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር ያለ ሐኪም ፈቃድ አይደባለቅ፤ ጨጓራን ያቆስላልና።

4ኛ፤ የታዘዘ ቅባት በሳሱ ይቀባ። ከአዋቂ ሰው የሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚደርስ ቅባት፣ ሁለት ሙሉ የእጅ መዳፍ ከነጣቱ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል። የበረታው ቅባት ፊትና ብሽሽት አይነካም።

5ኛ፤ የስቴሮይድ ፓፍ የሳበ ሰው አፉን በውኃ ተጕመጥምጦ ይትፋ፤ ያለዚያ በአፉ ውስጥ ፈንገስ ይበቅላል።

6ኛ፤ የአንዱ ሰው ጠብታ ወይም ቅባት ለሌላው አይሰጥ፤ የተረፈም ለሌላ ጊዜ አይቀመጥ።

7ኛ፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ክኒኑን የሚወስድ ሰው፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የጻፈበት ወረቀት በኪሱ ይያዝ። በተማርሁበት አገር እንዲህ ያሉ ሕሙማን ሁሉ ካርድ ይይዛሉ፤ ባንድ አደጋ ራሳቸውን ቢስቱ ሐኪሙ ካርዱን አይቶ ያድናቸዋል። ይህ በከሚሴም እንዲለመድ አሳስባለሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቍራጭ ወረቀትና የሚጽፍ እጅ ይበቃዋል።

የመምህሩና የአንባቢው ድርሻ

በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ ወይም በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ውሎ ቅባት ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው የሚያነብለት ካላገኘ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ገዛ ይቈጠራል። ስለዚህ መምህሩ የሰፈሩ ዓይን ነው። በክፍል ውስጥ ዓይኑን ሲያሽ የሚውለውን ተማሪ ቢያይ ወላጁን ይጥራ፤ ምን እያንጠባጠቡለት እንደ ሆነም ይጠይቅ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ከሚሴ ሆስፒታል እንዲወስዱትም ይምከር። ሲያስረዳም ወላጁ በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ይናገር፤ ያልተሰማ ምክር እንዳልተነገረ ነውና። ለሴቶችም ለወንዶችም ተማሪዎች ስለ ፊት ቅባት ሳያሳፍር ያስተምር።

ቤት ያላችሁ አንባብያንም ይህን ጽሑፍ ከጨረሳችሁ በኋላ የመድኃኒት ሣጥናችሁን ክፈቱ። በውስጡ የምታገኙትን እያንዳንዱን ስም አንብቡ፤ ለምን እንደ ተገዛ የማታስታውሱትን አውጥታችሁ ወደ መድኃኒት ቤት ባለሙያ ውሰዱና ጠይቁ። ለረጅም ጊዜ የታዘዘ ስቴሮይድ ከሆነ ግን ሐኪሙ ሳያዝ አትጣሉት። ይህ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ምናልባትም የአንድ ልጅ የዓይን ብርሃን በዚህች ግማሽ ሰዓት ይተርፍ ይሆናል።